የወጣቶች ሙዚቃዊ ቴአትር በብዙ ካሜራ ላይቭ ለመቅረፅ፦ ከልምምድ ቀን እስከ ኤዲቲንግ

ልጆችና ወጣቶች የሚሰሩትን ሙዚቃዊ ቴአትር መቅረፅ ከኮንሰርትም ከተራ ቴአትርም ይለያል። ኮንሰርት ላይ ዘፋኙን ከያዛችሁ ብዙውን ሰራችሁ፣ ቴአትር ላይ የሚናገረውን ከያዛችሁ እንደዛው። እዚህ ግን አንድ መድረክ ላይ 30 ወይም 40 ልጅ ይወጣል፣ ግማሹ ይዘፍናል ግማሹ ይጨፍራል፣ ቪዲዮውን ቁጭ ብሎ የሚያየው ሰው ደሞ ባብዛኛው የሚፈልገው መሪ ተዋናይዋን ሳይሆን ከኋላ ረድፍ ሦስተኛ ላይ የቆመችውን የራሱን ልጅ ነው። ዋናዎቹን አሳምራችሁ ቀርፃችሁ ኮረሱን (ከኋላ ሆነው አብረው የሚዘፍኑትንና የሚጨፍሩትን) በሩቅ ዋይድ፣ ማለትም መድረኩን ሁሉ ባንዴ በሚያሳይ ሰፊ ሾት፣ ብቻ ካሳለፋችሁት ምስሉ የቱንም ያህል ንፁህ ቢሆን ካዳራሹ ግማሹ ቤተሰብ ቅር ይለዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ፣ የካሜራው ቦታም የድምፁም የስዊቸሩም (የሁሉንም ካሜራ ምስል ተቀብሎ አንዱን የሚያስመርጠው ማሽን) ነገር፣ ከዚህ ነው የሚነሳው፦ መድረክ የወጣ ልጅ በሙሉ ቢያንስ አንዴ ፊቱ ጥርት ብሎ ይታይ፣ ሲዘፍን ደሞ ቃሉ ይሰማ።

1. ካሜራ ከመከራየታችሁ በፊት ፈቃድ

አሰልቺ ነው አውቃለሁ፣ ግን መጀመሪያ ይሄ ነው። አንድን ሙዚቃዊ ቴአትር መድረክ ላይ የማቅረብ ፈቃድና የመቅረፅ ፈቃድ አንድ አይደሉም። ቡድኑ ለባለመብቱ ከፍሎ የማቅረብ ፈቃድ ይኖረው ይሆናል፣ ያ ማለት ግን ካሜራ ማስገባት ይችላል ማለት አይደለም። ቀረፃው ለብቻው፣ ላይቭ ስትሪሙ ለብቻው፣ ለቤተሰብ ኮፒ ማከፋፈሉ ለብቻው ሊጠየቅ ይችላል፣ ጭራሽ መቅረፅ የተከለከለበት ስራም አለ። ውሉን አዘጋጁ አለው፣ «የቀረፃው አንቀፅ የቱ ጋ ነው» ብላችሁ ጠይቁትና ራሳችሁ አንብቡት። ስራው ወጥ ከሆነ ከደራሲው፣ ከግጥሙ ፀሐፊና ከዜማው ባለቤት ጋር በፅሁፍ ተስማሙ። ልጆቹ የሚዘፍኑት ከላይቭ ባንድ ጋር ሳይሆን በተቀዳ ሙዚቃ ላይ ከሆነ ደሞ ቅጂው ራሱ ሌላ ባለቤት ሊኖረው ይችላል፣ ዩቲዩብ ላይ ስትጭኑት ሲስተሙ ሙዚቃውን አውቆ ሊያግድባችሁ ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛው የወላጅ ፈቃድ ነው። በፅሁፍ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ፣ ቪዲዮው የት እንደሚታይ በግልፅ ተፅፎ (ለቤተሰብ ብቻ በሊንክ ነው ወይስ ለሁሉም ክፍት)። «ልጄ እንዲታይ አልፈልግም» የሚል ወላጅ ቢኖር ነገሩ ከቀረፃው በፊት መታወቅ አለበት፣ ቀረፃው ካለቀ በኋላ መስማት ትልቅ ጣጣ ነው። የልጁን ልብስና የሚቆምበትን ቦታ ለካሜራማኖቹ ትነግሯቸዋላችሁ፣ ኤዲቲንግ ላይም ትጠነቀቃላችሁ። ላይቭ ስትሪም ካለ ግን ዋይዱ ውስጥ መግባቱ ስለማይቀር ከቤተሰቡ ጋር ቀድሞ መነጋገር ግድ ነው።

2. ልምምድ ላይ ካልተገኛችሁ ትርኢቱ ላይ ማሳደድ ብቻ ነው የሚሆነው

ጊዜያችሁን የምታጠፉበት ቦታ ምረጡ ብባል ይሄንን ነው የምመርጠው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቋረጥ የሚሰሩበት ልምምድ ፈልጉና አንድ ካሜራ መሃል ላይ አቁማችሁ መድረኩን ሙሉ ቅረፁት፣ ስልክም ይሆናል። ከዛ ስክሪፕቱን አጠገባችሁ አድርጋችሁ ቪዲዮውን እያያችሁ ዳር ዳሩን ሙሉት፦ ማን ከየት ወገን ይገባል፣ ዘፈኑን ማን ይጀምራል፣ ሁለተኛውን ስንኝ ማን ይቀበላል፣ ጭፈራው የት ይጀምራል፣ መብራት የት ይጠፋል፣ ዲኮር የት ይቀየራል። በተለይ ኮረስ ውስጥ ያለች ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ካላት እሷን በቀይ ክበቧት! ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ለቤተሰቡ ሙሉ ቴአትሩ ናት፣ ካሜራ የሚያመልጣትም ሁሌ እሷ ናት ምክንያቱም ማንም አይጠብቃትም።

ለዘፈኖቹ ገፅ ብቻ አይበቃም፣ ቆጠራ ያስፈልጋል። ጨፋሪዎቹ በ8 ነው የሚቆጥሩት፣ እናንተም በ8 ቁጠሩ፦ «መግቢያ ሁለት 8፣ ሶሎ አራት 8፣ ሁሉም ወደ ፊት»። ኖታ ማንበብ የሚችል ሰው ካገኛችሁ ደሞ ቀረፃው ቀን ከቀረፃው ዳይሬክተር (ለካሜራማኖቹ ትዕዛዝ ከሚሰጠው) አጠገብ ተቀምጦ «ሶሎ በአራት፣ ሦስት፣ ሁለት...» እያለ ይቁጠርላችሁ። ይሄ ሰው ከአንድ ተጨማሪ ካሜራ ይበልጣል፣ የምሬን ነው።

ከዛ የልጆች ዝርዝር። ሰንጠረዥ ሰርታችሁ በአንድ በኩል የልጁን ስምና ልብሱን (ልብስ የሚቀያይር ከሆነ ሁሉንም)፣ በሌላ በኩል ከፊት የሚሆንበትን ወይም በደንብ የሚታይበትን ዘፈን ፃፉ። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ዕድል ፈልጉ፣ አንዱ ቢያመልጥ ሌላው እንዲኖር። ዝርዝሩን ለአንድ ካሜራ ብቻ ነው የምትሰጡት፣ የቱ እንደሆነ ከታች እመጣበታለሁ። ቡድኑ ሁለት ካስት ካለው፣ ማለትም አንድ ገፀ ባህሪ በተለያየ ቀን በተለያየ ልጅ የሚሰራ ከሆነ፣ ሁለት ዝርዝር ያስፈልጋል፣ ቀረፃውም ሁለት ቀን መሆን አለበት። አንዱን ካስት ቀርፆ ሌላውን መተው ከባድ ቅሬታ ያመጣል።

3. ስንት ካሜራ፣ የት የት

በ3 ይሰራል፣ በ4 ይመቻል፣ 5 ካላችሁ ቅንጦት ነው። አቀማመጡ ይሄን ይመስላል።

ካሜራ 1 መሃል ላይ፣ መድረኩን ከጫፍ ጫፍ የሚያሳይ ዋይድ፣ ማንም የማይነካው። ሰው ባይኖረውም ይሰራል። ሌላው ሁሉ ሲበላሽ መሸሻችሁ እሱ ነው፣ ልጅ ደሞ ትርኢት ላይ ልምምድ ላይ ያላደረገውን ማድረጉ አይቀርም፣ በሌላ በኩል ይገባል፣ ስንኝ ይዘላል፣ ኮፍያ ይወድቅበታል።

ካሜራ 2 እዛው መሃል ከካሜራ 1 ጎን፣ ረጅም ዙም ያለው፣ የሚናገረውንና የሚዘፍነውን የሚከተል። በጣም የለመደውን ካሜራማን እዚህ አድርጉት።

ካሜራ 3 ከተመልካቹ ግራ፣ ካሜራ 4 ከቀኝ፣ መድረኩን ሰያፍ የሚያዩ። በግራ ያለው በቀኝ በኩል የሚቆሙትን፣ በቀኝ ያለው ደሞ በግራ የሚቆሙትን ይይዛል፣ ፊት የሚገኘው እንደዛ ነው፣ ፊት ለፊታቸው ያሉትን ከያዙ ግን ጆሮና ጉንጭ ነው የምታገኙት። ሁሉም ካሜራ ከመድረኩ ፊት በአንድ ወገን ይሁን፣ አንዱን ከመድረኩ ጀርባ ካደረጋችሁት በግራ የወጣው ልጅ በቀጣዩ ሾት በቀኝ የወጣ ይመስላል።

የልጆቹን ዝርዝር የሚይዘው እንግዲህ ካሜራ 4 ነው (3 ካሜራ ብቻ ካላችሁ ካሜራ 3)። ስራው ዋናውን ተዋናይ መከተል አይደለም፣ በየዘፈኑ ኮረሱን ሁለት ሁለት ሦስት ሦስት እያደረገ መልቀም፣ የያዘውን ልጅ ምልክት ማድረግ፣ እረፍት ላይ የቀሩትን ቆጥሮ ለዳይሬክተሩ መንገር። ዳይሬክተሩ ላይቭ ላይ ባይጠቀምበት እንኳ ካሜራው ለብቻው ስለሚቀዳ ኤዲቲንግ ላይ ይገኛል። 5ኛ ካሜራ ካለ የሙዚቃ መሪውንና ባንዱን ያሳይ፣ ለመግቢያ ሙዚቃና ለዲኮር መቀየሪያ ጊዜ በጣም ያገለግላል።

ሌንስ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል ስለዚህ ሂሳቡን እናስላው። ፉል ፍሬም ሴንሰር ስፋቱ 36 ሚሊ ሜትር ነው። ከመድረኩ 20 ሜትር ርቃችሁ በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብትቀርፁ 36 ለ200 ተካፍሎ በ20 ሲባዛ 3.6 ሜትር ስፋት ይወጣል፣ ቁመቱ 2 ሜትር ገደማ። አንድ ልጅ ከእግር እስከ ራስ ማለት ነው፣ ክሎዝ አፕ አይደለም። ከወገብ በላይ ለማግኘት ወደ 400 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል፣ ወይ ደሞ ወደ 10 ሜትር መጠጋት። ስፋቱ 24 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ሱፐር 35 ሴንሰር ላይ ያው 200 ሌንስ ከ20 ሜትር 2.4 ሜትር ስፋት ይሰጣል፣ ከጉልበት በላይ አካባቢ። ለዚህ ነው ትንሽ ሴንሰር ያላቸው ረጅም ዙም ያላቸው የቪዲዮ ካሜራዎች ለዚህ ስራ ከፎቶ ካሜራ የሚሻሉት፣ ዙማቸው ሩቅ ይሄዳል፣ ዙም ስታደርጉ ፎከሳቸው አይጠፋም፣ ሰፋ ያለ ጥልቀት ፎከስ ውስጥ ስለሚገባ ልጁ አንድ እርምጃ ወደፊት በመጣ ቁጥር አይደበዝዝም። ፎቶ ካሜራ ከሆነ ያላችሁ፣ ብዙዎቹ የፎቶ ዙም ሌንሶች ዙም ሲቀየር ፎከሱም ትንሽ እንደሚንሸራተት አስታውሱ፣ አንዳንድ የቆዩ ሞዴሎች ደሞ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ቀረፃ ያቆማሉ፣ ቀድማችሁ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስቀርፃችሁ ፈትሹ፣ የሚሞቅም ከሆነ ያኔ ይታያል።

የትራይፖዱ ነገር፦ ከባድ፣ ፍሉይድ ሄድ (ካሜራውን ሳይንቀጠቀጥ በለስላሳው የሚያዞር ራስ) ያለው። በረጅም ዙም ላይ የወለሉ ትንሽ ንዝረት ምስሉን ያናውጠዋል፣ ተመልካች የሚረግጠው የእንጨት ወለል ላይ አታቁሙት። ወንበሮቹን ቲኬት ከመሸጡ በፊት አስይዙ፣ ከካሜራው ፊት ያለው ረድፍ ሰው ለጭብጨባ ሲቆም ይሸፍን እንደሆነም አስቡ። መተላለፊያና የአደጋ ጊዜ መውጫ ላይ ምንም ነገር አይቁም፣ ኬብልም ጭምር፣ ይሄ ድርድር የለውም።

4. ሴቲንግ፦ ሁሉም ማንዋል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት

ፍሬም ሬቱ (በሰከንድ የሚቀዳው ምስል ብዛት) ከአዳራሹ መብራት ጋር ይሂድ። ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ ከሆነ 25 ወይም 50 ፍሬም፣ ሸተሩ 1/50፤ 60 ኸርዝ ከሆነ 30 ወይም 60 ፍሬም፣ ሸተሩ 1/60። የኤልኢዲ መብራት ግን በዚህም ላይመለስ ይችላል፣ ፍሊከሩ (ምስሉ ላይ ብልጭ ድርግም ማለቱ) ባብዛኛው የሚታየው ብርሃኑ ዝቅ ሲል ነው፣ ስለዚህ ላይትማኑን ለምናችሁ እያንዳንዱን መብራት ቀስ እያለ ዝቅ እንዲያደርግላችሁና በሞኒተር ተመልከቱ። ከኋላ ኤልኢዲ ስክሪን ካለ መስመር መስመር እያለ ሊያስቸግር ይችላል፣ ካሜራው ሸተሩን በትንንሹ የሚቀይር አማራጭ ካለው በሱ መስመሩ እስኪጠፋ አስተካክሉ።

ዋይት ባላንስ በፍፁም አውቶ አይሁን። የመድረኩ የፊት መብራት ሃሎጅን ከሆነ 3200 ኬልቪን፣ ኤልኢዲ ከሆነ ላይትማኑ ስንት ላይ እንዳደረገው ጠይቁ፣ ሁሉም ካሜራ ላይ አንድ ቁጥር አስገቡ። መድረክ ላይ ሰማያዊና ቀይ ሲበራ «ቀለሙ ተበላሸ» ብላችሁ አትንኩት፣ እንዲ እንዲታይ ነው የተሰራው።

ኤክስፖዠሩም እንዲሁ። አውቶ ካደረጋችሁት ጥቁሩን ጀርባ አይቶ ያበራዋል፣ የልጁ ፊት ነጭ ወረቀት ይሆናል። ፊት ላይ ተመርኩዛችሁ አስተካክሉ፣ ዜብራውን (ካሜራው በጣም የበራውን ቦታ በሰረዝ የሚያሳይበትን) 95 በመቶ አካባቢ አድርጋችሁ ፊት ላይ ምንም እንዳይታይ፣ በተለይ ፎሎው ስፖት (ተዋናዩን እየተከተለ የሚያበራው መብራት) ሲያርፍበት። ጀርባው ቢጨልም ግድ የለም፣ የተቃጠለ ፊት ግን በምንም አይመለስም። ደማቅ ሰማያዊ መብራት ላይ ደሞ ሰማያዊው ቻናል ብቻውን ስለሚሞላ ፊቱ የተቀባ ይመስላል፣ ያኔ ትንሽ ዝቅ አድርጉ። ከሁሉ የሚሻለው መድሃኒት ግን ላይትማኑን ማነጋገር ነው፣ ለዓይን የሚበቃ ጨለማ ለካሜራ አይበቃም፣ በጣም የጨለሙት ትዕይንቶች ላይ ከፊት ትንሽ ነጭ ብርሃን እንዲጨምር በትህትና ጠይቁት፣ አዘጋጁም ይስማ። ብዙዎቹ እሺ ይላሉ፣ የነሱም ስራ ነው የሚቀረፀው።

5. ድምፅ

ምስሉ ቢንገዳገድ ሰው ይታገሳል፣ ዘፈኑ ካልተሰማ ግን ቪዲዮው ሞተ። እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ብዙ ሰው «ከሚክሰሩ አንድ መስመር እወስዳለሁ» ብሎ ይጨርሳል። ችግሩ ሚክሰሩ ላይ ያለው ድምፅ የተመጣጠነው ለአዳራሹ መሆኑ ነው። ከበሮው በራሱ አዳራሹን ስለሚሞላ ሳውንድማኑ ሚክሰሩ ላይ ወይ በጣም ዝቅ አድርጎታል ወይ ጭራሽ ማይክ አላደረገበትም፣ እና ከዋናው አውትፑት ስትቀዱ ድምፃውያኑ ከፊት ደርቀው ባንዱ የጠፋበት ነገር ታገኛላችሁ። ጭብጨባና ሳቅም የለበትም፣ ቀልዱ ባዶ ቤት ውስጥ የተነገረ ይመስላል።

ስለዚህ በምርጫ ቅደም ተከተል፦ አንደኛ፣ ዲጂታል ሚክሰር ከሆነ እያንዳንዱን ማይክ ለየብቻ ቅዱ። እንደ ቤሪንገር ኤክስ32 ያሉት በዩኤስቢ 32 ቻናል ወደ ላፕቶፕ ይልካሉ፣ ከዛ ድምፁን በኋላ ረጋ ብላችሁ ሚክስ ታደርጋላችሁ። ልጅ ማይኩ ዘግይቶ ቢከፈትለት ራሱ፣ የምትቀዱት ከፌደሩ (ሳውንድማኑ ድምፁን ከፍና ዝቅ ከሚያደርግበት) በፊት ያለውን ስለሆነ ቃሉ ይገኛል። ሁለተኛ፣ ያ ካልተቻለ ሳውንድማኑ ሁለት የተለዩ አውትፑት እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፣ አንዱ ድምፃውያን ብቻ ሌላው ባንድ ብቻ፣ ቢያንስ ሚዛኑን እናንተ ታስተካክላላችሁ። ሦስተኛ፣ ዋናው አውትፑት፣ ሌላ ከሌለ።

በሁሉም ምርጫ ላይ ሁለት የአዳራሽ ማይክ ጨምሩ፣ ከመድረኩ ፊት ግራና ቀኝ ወደ ተመልካቹ ዞረው። ከኋላ ካሜራው ጋ ካስቀመጣችኋቸው ግን መዘግየት አለ፣ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር አካባቢ ነው የሚሄደው፣ 20 ሜትር ለመድረስ 58 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል፣ በ25 ፍሬም አንድ ተኩል ፍሬም ገደማ ማለት ነው። ከሚክሰሩ ድምፅ ጋር እንዲሁ ከቀላቀላችሁት ማሚቶ ይሆናል፣ ኤዲቲንግ ላይ የአዳራሹን ድምፅ ያንን ያህል ቀደም አድርጉት።

ሲግናሉ የላይን ሌቭል (ከሚክሰር የሚወጣው፣ ከማይክ በጣም ጠንካራ የሆነው) መሆኑንና የናንተ መቅጃም ላይን ላይ መደረጉን አረጋግጡ፣ ማይክ ላይ ከሆነ ይሰነጠቃል። ህምምም የሚል ድምፅ ካለ በመሃል አይሶሌሽን ትራንስፎርመር ያለው ቦክስ አስገቡ። 48 ኪሎ ኸርዝ፣ ከፍተኛው ጩኸት ከዜሮ 12 ዲሲቤል ዝቅ ብሎ፣ ምክንያቱም ልጆች ትርኢት ላይ ከልምምድ በላይ ነው የሚጮሁት። ሌላ ትንሽ መቅጃ ለመጠባበቂያ።

የማይክ ዝርዝሩንም ከሳውንድማኑ ውሰዱ። ብዙ ጊዜ ማይኩ ከልጁ ቁጥር ያንሳል፣ ከመድረክ ጀርባ ይቀያየራሉ፣ ቻናል 7 መጀመሪያ ክፍል ላይ የአንዱ ሁለተኛው ላይ የሌላው ይሆናል፣ ዝርዝሩ ከሌላችሁ ኤዲቲንግ ላይ የማን ድምፅ እንደሆነ ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

6. ስዊቸር፣ ኬብል፣ ኤሌክትሪክ

ላይቭ እየቆረጣችሁ (ከካሜራ ወደ ካሜራ እየቀየራችሁ) እያንዳንዱን ካሜራም ለየብቻ ቅዱ፣ ሁለቱንም። ላይቭ የተቆረጠው የኤዲቲንጉን ብዙውን ስራ ይጨርስላችኋል፣ የየካሜራው ቅጂ ደሞ ያመለጠውን ያድናል። እንደ ኤቴም ሚኒ ፕሮ አይኤስኦ ያለው ስዊቸር 4 ካሜራ ይቀበላል፣ 4ቱንም ከተቆረጠው ጋር 5 ፋይል አድርጎ ይቀዳል፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ላይ የሚከፈት ፕሮጀክትም ያወጣል፣ እያንዳንዱ ከት እዛው ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ከዛ በላይ ካሜራ ካለ 8 የሚቀበለው ትልቁ አለ። ይሄ ሁሉ ባይኖራችሁም እያንዳንዱ ካሜራ ውስጥ ካርድ አድርጋችሁ ቅዱ፣ ስዊቸሩ ቢኖርም ቅዱ።

የካርዱ ሂሳብ ቀላል ነው፣ በሰከንድ 50 ሜጋ ቢት የሚቀዳ ካሜራ በሰዓት 22.5 ጊጋ ባይት ይፈልጋል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ትርኢት 56 አካባቢ፣ 128 ጊጋ ካርድ ከበቂ በላይ ነው። 100 ሜጋ ቢት ከሆነ እጥፍ አድርጉት።

ኤችዲኤምአይ ኬብል ከ10 ሜትር በላይ ሲሆን አይታመንም፣ ይነቀላልም። ለሩቅ ካሜራ ወደ ኤስዲአይ (ለረጅም ርቀት የሚሆን የባለሙያ ቪዲዮ መስመር) የሚቀይር ኮንቨርተር አድርጉ፣ ጥሩ ኬብል ከሆነ ፉል ኤችዲ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይጓዛል፣ ጫፉም ይቆለፋል። ኬብሉን በሙሉ በጋፈር ቴፕ ወለሉ ላይ አጣብቁት፣ ጫፎቹ ላይ የካሜራውን ቁጥር ፃፉ። ኤሌክትሪክ ደሞ ከመድረክ መብራቱ ዲመር (ብርሃኑን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው) መስመር አትውሰዱ፣ ድምፃችሁ ውስጥ ዝዝዝ የሚለው ከዛ ነው የሚመጣው። ለስዊቸሩና ለመቅጃው ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) አድርጉ።

ስትሪም ካለ በአጭሩ፦ በኬብል የመጣ ኢንተርኔት፣ ለብቻችሁ፣ 6 ሜጋ ቢት የምትልኩ ከሆነ የአፕሎዱ ፍጥነት ቢያንስ እጥፉ ይሁን። ተመልካች ስልኩን ይዞ የሚገባበት ዋይፋይ ላይ አትመኩ።

7. ሰዎቹና ንግግራቸው

ዳይሬክተር፣ ስዊቸሩን የሚጫን ሰው (ትንሽ ቡድን ከሆነ ራሱ ዳይሬክተሩ)፣ ካሜራማኖች፣ የድምፅ ሰው፣ ስክሪፕት ተከታዩ። ካሜራው ላይ ወጣቶችን ማቆም ከፈለጋችሁ፣ እኔ እደግፋለሁ፣ ቴአትሩን የሚያውቁ የክፍል ጓደኞቻቸው ከሆኑ ማን መቼ እንደሚወጣ ካንድ ባለሙያ በላይ ያውቃሉ፣ ዙምና ፓን (ካሜራውን ወደ ጎን ማዞር) ለማድረግ ሁለት ልምምድ ይበቃቸዋል።

ኢንተርኮም ግድ ነው፣ ግን ዎኪ ቶኪ አይሁን፣ ከመድረክ ማይኮች ጋር ሊጋጭ ይችላል፣ በዝምታ ትዕይንት መሃልም ይንጫጫል። በኬብል ወይም ከማይኮቹ በሌላ ፍሪኩዌንሲ የሚሰራ ሄድሴት፣ ፍሪኩዌንሲውን ከሳውንድማኑ ጋር ተነጋግራችሁ። ንግግሩ አጭርና ሁሌ አንድ ዓይነት ይሁን፦ «ሁለት፣ ተዘጋጅ... ሁለት ውሰድ»። ሁሌ ቁጥሩ ይቅደም፣ ስም አትጥሩ፣ «እሱን ትንሽ ወደዛ» አይባልም፣ ማንን? ወዴት? «ሦስት፣ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ከወገብ በላይ» ይባላል። ካሜራማን አይመልስም፣ ጥያቄ ካለው ካሜራውን ወደ ላይና ወደ ታች ትንሽ ይነቀንቃል ብላችሁ ተስማሙ፣ ምስሉ በዛ ሰዓት እየተላለፈ እስካልሆነ ድረስ። ቀይ የታሊ መብራት የበራበት ካሜራ ምስሉ እየተላለፈ ነው፣ ያ ካልጠፋ ወደ ሌላ ሾት አይዞርም። ወደ ተመልካች የሚያበራውን ሁሉ በጥቁር ቴፕ ሸፍኑ፣ ሞኒተርም ዝቅ ይበል።

8. መቼ መቁረጥ፣ መቼ መተው

ደንብ አይደለም፣ የኔ ግምት ነው። ዘፈን ላይ በስንኝ መጨረሻ ቁረጡ፣ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ቀጣዩ ሾት ላይ ሁኑ፣ በየምቱ መቁረጥ ልጆቹን ያሳንሳል። ዘገም ያለ ሶሎ ከሆነ አንድ ሾት ላይ ረጅም ቆዩ፣ ካስፈለገ በዲዞልቭ (አንዱ ምስል እየደበዘዘ ሌላው ቀስ ብሎ ሲመጣ) ተሻገሩ። ጭፈራ ሲሆን እግር ይታይ! ከጉልበት በላይ የተቆረጠ ጭፈራ ጭፈራ አይደለም፣ ኮሪዮግራፈሯም ትቆጣለች፣ እውነቷን ነው። ሁሉም አንድ ላይ የሚዘሉበት ወይም ቅርፅ የሚሰሩበት ቦታ ዋይድ ነው፣ ቅርፁ ከያዘ በኋላ ግን ሁለት 8 ቆጥራችሁ ወደ ካሜራ 4 ግቡ፣ እነዛን ከኋላ ያሉትን አሳዩ፣ ተመልሳችሁ ውጡ። በየትልቁ ዘፈን ይሄን ሁለቴ ካደረጋችሁ ዝርዝሩ ሁለተኛው ክፍል ሳይጋመስ ያልቃል።

ቀልድ ላይ እጃችሁን ያዙ። ቀልዱ ሳያልቅ አትቁረጡ፣ ከሳቁ በኋላ ቀልዱ የተነገረውን ልጅ ፊት ስጡን። መብራት ሊጠፋ ሲል ወደ ካሜራ 1 ሂዱ፣ ጨለማ ውስጥ ዙም የሚያደርግ ካሜራ ላይ መገኘት ያሳፍራል። የት እንዳላችሁ ሲጠፋባችሁም ካሜራ 1፣ ትንፋሽ ውሰዱ፣ ስክሪፕቱን አግኙ፣ ተመለሱ። የመጨረሻው እጅ መንሳት ላይ ደሞ ዋይድ ላይ ተኝታችሁ እንዳትቀሩ፣ እያንዳንዱ ቡድን ወደፊት ሲመጣ ካሜራ 2 ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብሎ ፓን ያድርግ፣ ቀድሞ ያልተያዘ ልጅ እዚህ ይያዛል።

9. ከትርኢቱ በፊትና በዕለቱ

ልብስና መብራት ያለውን የመጨረሻ ልምምድ እንደ እውነተኛ ቀረፃ ቅረፁት፣ ለሙከራ ብቻ አይደለም፣ ትርኢቱ ቀን ለሚበላሸው መተኪያ ሾት ነው። ባዶ አዳራሽ ስለሆነም ካሜራ 3ን መድረኩ ስር ድረስ አስጠግታችሁ ትርኢት ላይ የማይገኝ ክሎዝ አፕ ታገኛላችሁ፣ ልብሳቸው አንድ እስከሆነ ድረስ ማንም አይለየውም።

በዕለቱ ተመልካች ከመግባቱ 4 ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ሁሉም ካሜራ አንድ ነጭ ነገር ላይ ይታይ፣ ቀለሙ ይመሳሰል። አንድ ሰው መድረክ ላይ ማይክ ይዞ አንዴ ያጨብጭብ፣ ሁሉም ካሜራና ድምፁ ይቅዳው፣ ለማመሳሰል ነው፣ በስዊቸሩ ውስጥ ድምፁ ከምስሉ ቀድሞ እንደሚሄድም ያኔ ይታያል (ምስሉ በየማሽኑ ሲያልፍ ጥቂት ፍሬም ይዘገያል)፣ ከቀደመ ድምፁ ላይ ዲሌይ ጨምሩ። ሪከርድ ከመጀመሩ 10 ደቂቃ ቀድሞ ይጫን፣ ዳይሬክተሩ በየቁጥሩ ጠርቶ «ቀይ ይታያል?» ብሎ ያረጋግጥ። እረፍት ላይ ባትሪ ይቀየራል፣ ሪከርዱ መቀጠሉ ይታያል፣ የካሜራ 4 ዝርዝር ይነበባል፦ የቀሩት እነማን ናቸው፣ ሁለተኛው ክፍል ላይ የት ይገኛሉ።

10. ኤዲቲንግ

ምንም ከመክፈታችሁ በፊት ካርዶቹን ሁለት የተለያየ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ፣ ሁለቱ አንድ ቤት አይደሩ። ከዛ ላይቭ የተቆረጠውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳታቆሙ እዩ፣ የሚያስቀይመውን ብቻ ደቂቃውን ፃፉ፣ ዘግይቶ የተቆረጠ፣ ፎከስ የሳተ፣ የልጅ ዓረፍተ ነገር ያመለጠበት። እነሱን ብቻ ቀይሩ፣ እንደ አዲስ ሁሉንም መቁረጥ ከጀመራችሁ ቪዲዮው በሚቀጥለው ዓመት ነው የሚደርሰው። ልጅ ስህተት የሰራበት ቦታ፣ ቃል የረሳ ምናምን፣ ሌላ ካሜራ ካለ በሱ ሸፍኑለት፣ ከመጨረሻው ልምምድ ድምፁን መውሰድም ይቻላል፣ ፍጥነቱ ከተመሳሰለ።

ድምፁን ሚክስ ስታደርጉ በስልክ ስፒከርም ስሙት፣ አያት የሚያዩት በስልክ ነው። ዩቲዩብ ድምፁን ወደ ‎-14 ሉፍስ (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) አካባቢ ነው የሚያወርደው፣ ለቴሌቪዥን ከሆነ በብዙ ቦታ ‎-23 ነው የሚጠየቀው። ለእያንዳንዱ ዘፈን ምዕራፍ አስቀምጡ፣ ሰው የሚፈልገውን ዘፈን ቶሎ ያገኛል።

የመጨረሻው ስም ነው። ከፕሮግራሙ ወረቀት ገልብጣችሁ ብቻ አትለጥፉት፣ እሱም ላይ ስህተት አይጠፋም፣ ለአዘጋጁ ልካችሁ አንድ በአንድ ይመልከተው፣ የባንዱን ልጆች፣ ከመድረክ ጀርባ ዲኮር የሚገፉትን፣ ካሜራ የያዙትንም ጨምሮ። ሁለት ካስት ካለ ሁለት ቪዲዮ፣ ሁለት የስም ዝርዝር፣ እና ሁለቱም ባንድ ቀን ይለቀቁ።